ዛፉ ከተማ ሲገባ

የሔር ኢሴ ልማዳዊ ሕግ ከግጦሽ መሬት እስከ ጅቡቲ ከተማ

ጅቡቲ፤ ፀሐይ አዘቅዝቃ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ የቀኑን ወበቅ ጥቂት ማስታገሥ ሲጀምር፣ በከተማይቱ ዳርቻ በሚገኘው በባልባላ ሠፈር፣ ከቆርቆሮ ቤቶች መካከል በተረፈች ገላጣ ቦታ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው በክብ የሚቀመጡ አዛውንቶችን ማየት ለመንገደኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሩቅ ለሚያያቸው ወግ የያዙ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ላስተዋላቸው ግን አንዱ ሲናገር ሌላው የማያቋርጠው፣ ተናጋሪውም ከዘራውን መሬት ላይ አሳርፎ ቃሉን የሚመዝነው፣ ከክቡ ወጣ ብለው የተቀመጡት ሁለት ወገኖች እርስ በርሳቸው የማይተያዩት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ይረዳል። እዚያ የተያዘው ነገር ፍርድ ነው። በገጠር ቢሆን ኖሮ ይህ ጉባኤ የሚቀመጠው በግራር ጥላ ሥር ነበር። በከተማይቱ ዛፍ ብርቅ ስለ ሆነ የግንብ ጥላ የግራሩን ቦታ ተክቶታል።

የዛፉ መቅረት ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። ከዛፉ ጋር ግን የውሃ ጉድጓዱ፣ የግጦሹ መሬት፣ የግመሉ መንጋና አብሮ የሚሰፍረው ዘመድ ሁሉ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ታዲያ በበረሃ ለሚንቀሳቀስ ሕዝብ የተደነገገ ሕግ፣ ወደብና አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? የገጠሩ ወግ በከተማ ነዋሪው ዘንድ ትርጉሙ ምን ሆኗል? ጥያቄው የጅቡቲን ሰዎች ብቻ የሚመለከት አይደለም። የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ ከዘጠና በመቶ የማያንሰው በዚሁ ወደብ የሚተላለፍ ከመሆኑም በላይ፣ መንገዱም ባቡሩም ይኸው ልማዳዊ ሕግ በሚሠራበት ምድር ላይ ያልፋሉ።

አርባ አራቱ ሽማግሌዎች

ሔር ኢሴ የሶማሌ ኢሳ ማኅበረሰብ የቃል ሕግ ነው። ይህ ሕዝብ በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያ ቀድሞ ሽንሌ ይባል በነበረው በሲቲ ዞንና በድሬዳዋ አካባቢ፣ እንዲሁም በዘይላ በኩል ባለው የባሕር ጠረፍ ይኖራል። ትውፊት እንደሚነግረው፣ ከየጎሳው የተውጣጡ 44 ሽማግሌዎች ሲቲ በተባለ ስፍራ ተሰብስበው፣ በመካከላቸው የሚፈሰውን ደም ለማቆምና በአንድነት ለመኖር የሚያስችላቸውን ደንብ አወጡ። ጉባኤው እስከ ዛሬ በዚሁ በ44 ቁጥር ይታወቃል።

ሕጉ ስለ ደምና ስለ ንብረት ጉዳት፣ ስለ ጋብቻና ስለ እንግዳ አቀባበል፣ ስለ መሪ አመራረጥም ይደነግጋል። ከሁሉ በላይ የቆመበት መሠረት ሰው ከሰው አይበልጥም የሚለው ነው። የማኅበረሰቡ የበላይ አባት የሆነው ኡጋስ ከወርዲቅ ጎሳ ይመረጣል፤ መንበሩም በድሬዳዋ ነው። ይሁን እንጂ ኡጋሱ በሠራዊትና በግብር ሕዝብን የሚያስገድድ ንጉሥ አይደለም። ሥራው መባረክ፣ ማስታረቅና በጉባኤው የተደረሰበትን ስምምነት ማጽናት ነው። በአገራችን በዋርካ ሥር ተቀምጠው ባላጋራዎችን የሚያስታርቁትን፣ ደም የሚያደርቁትን ሽማግሌዎች የሚያውቅ አንባቢ የዚህ ሥርዓት መንፈስ አይጠፋውም።

የአፈራረዱ ዘዴ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ጉዳዩ ሲቀርብ ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ የሚጠይቁት፣ ከዚህ በፊት ይህን የመሰለ ነገር ደርሶ ያውቃል ወይ የሚለውን ነው። ደርሶ ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ የተሰጠውን ፍርድ የሚያስታውሰው ሰው ይነሣና የማንና የማን ነገር እንደ ነበረ፣ በምን እንዳለቀ ይናገራል። ምሳሌ ያልተገኘለት አዲስ ነገር ከሆነ ደግሞ ጉባኤው መክሮ አዲስ ፍርድ ይሰጣል፤ ያም ፍርድ ለሚመጣው ትውልድ ምሳሌ ሆኖ ይቆያል። እንግዲህ ወግ ማለት ከአባቶች የወረደውን ሳይለውጡ መድገም ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ይህን ሕግ ሲመረምር አሳቡን ማረም ይገባዋል። አባቶች ራሳቸው ያላዩት ነገር እንደሚመጣ አውቀው በር ትተውለታል።

ሰውየው ከሕጉ ጋር ወደ ከተማ ገባ

የጅቡቲ ከተማ ዕድሜ ረጅም አይደለም። ፈረንሳዮች በ1885 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኢሳ ሽማግሌዎች ጋር ውል ከተፈራረሙ በኋላ፣ የአስተዳደራቸውን መቀመጫ ከኦቦክ ወደዚህ አዛወሩ። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከሆልሆልና ከአሊ ሳቢህ እስከ ደወሌና እስከ ሽንሌ ያለው የግጦሽ ምድር በብረት መንገድ ተሰነጠቀ። ከመንጋው ተለይቶ በወደቡ ሸክም ተሸካሚ፣ በሐዲዱ ሠራተኛ የሆነው አርብቶ አደር ዕቃው ጥቂት ነበር፤ ሕጉን ግን በቃሉ ይዞ መጣ።

የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ይህን ሕግ አላጠፋውም። ለራሱ እንዲመች አድርጎ ተጠቀመበት እንጂ። ከየጎሳው ኦካል የሚባሉ ሹማምንት እየሾመ ደመወዝ ቆረጠላቸው። የጎሳ አለቃና ሽማግሌ ቀድሞ የሚከበረው በአነጋገሩና በአስታራቂነቱ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ከመዝገብ ቤት በሚከፈለው ገንዘብም የሚታወቅ ሆነ። በገጠርና በከተማ መካከል የመጀመሪያው የትርጉም ለውጥ የመጣው በዚህ በኩል ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ የአስተዳደሩ ፖሊሲ ይበልጥ ጨከነ። ከገጠርና ከጎረቤት አገር የሚመጣውን ሰው ለማገድ ከተማይቱ በእሾሃማ ሽቦ ታጠረች፤ ሽቦው አጠገብም ፈንጂ ተቀበረ። ማለፍ ያልቻለው ከሽቦው ወዲያ ሠፈረ። ባልባላ የተወለደው እንዲህ ነው። ጅቡቲ በጁን 27 ቀን 1977 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ አጥሩ ቢነሣም፣ ድርቅና ጦርነት ከየአቅጣጫው የሚገፋው ሰው መምጣቱን አላቋረጠም። በዓመት የሚጥለው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነበት አገር፣ አንድ የከፋ ድርቅ ለአንድ ቤተ ሰብ መንጋውን ሁሉ ሊያሳጣው ይችላል። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ካለፈው የአገሪቱ ሕዝብ መካከል የሚበዛው የከተማ ነዋሪ ነው። ስለዚህ የገጠሩን ወግ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ገጠር ብቻ ቢሄድ ይሳሳታል፤ ገጠሩ ራሱ ወደ ከተማ ገብቷልና።

ግመሉ ወደ ፍራንክ ሲለወጥ

በሶማሌ ልማድ የአንድ ወንድ የደም ካሣ መቶ ግመል ነው። ይህን ካሣ የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ በአንድ የካሣ ውል የተሳሰሩት ዘመዶቹ ሁሉ ያዋጣሉ፤ የሟች ወገኖችም በድርሻቸው ይቀበላሉ። በበረሃ የዚህ ሥርዓት ጥቅም ግልጽ ነው። ፖሊስ በሌለበት ምድር ሰውን ከበቀል የሚጠብቀው የዘመዶቹ ብዛትና ዋስትና ነበር። ዘመድም በጋራ ስለሚከፍል አንዱ አባል ጠብ እንዳይጭር ይመክረዋል፤ ይገሥጸዋል።

ወደ ከተማ ሲመጣስ? በወደቡ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ በወር ደመወዝ የሚኖር ወጣት ግመል የለውም። ምናልባትም በዕድሜው ግመል አልቦ አያውቅም። ይሁን እንጂ በአሊ ሳቢህ በኩል አይቶት የማያውቀው የአጎቱ ልጅ ሰው ሲጎዳ፣ የድርሻውን ፍራንክ እንዲያዋጣ ይጠየቃል። አንዳንዱ ወጣት ይህን በደል አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ባልሠራሁት ለምን እከፍላለሁ ማለቱ በዘመናዊ ሕግ ዓይን ሲታይ ትክክል ነው፤ የወንጀል ኃላፊነት የግል ነውና። በሌላ በኩል ያው ወጣት አባቱ ታሞ ወደ ውጭ አገር ለሕክምና የሚላክ በሆነ ጊዜ፣ ቤቱ በተቃጠለ ጊዜ፣ ከሥራ በወጣ ጊዜ፣ መጀመሪያ ደጁን የሚያንኳኩት እነዚያው የካሣ ዘመዶቹ ናቸው። ግመሉ ወደ ፍራንክ ሲለወጥ ውሉ ሳይጠፋ ይዘቱ ተለወጠ፤ ከበቀል መከላከያነት ወደ መረዳጃ ዕድርነት አዘነበለ።

አሁን ደግሞ ምሳሌ የሌለውን ነገር እንመልከት። ከወደቡ ጭኖ በደወሌ በኩል ወደ አገር ቤት የሚጓዝ አንድ የከባድ መኪና ነጂ በሌሊት ሰው ገጨ እንበል። በመንግሥት ሕግ ፖሊስ ይመጣል፤ ፍርድ ቤት ያያል፤ የመድን ድርጅት ይከፍላል። ጉዳዩ በወረቀት ላይ እዚያ ያበቃል። የሟች ወንድም ልብ ግን በወረቀት አይበርድም። ሽማግሌ ካልተቀመጠ፣ ይቅርታ ካልተጠየቀ፣ ነጂው በዚያ መንገድ ዳግመኛ ለማለፍ ይሳቀቃል፤ ባልደረቦቹም ከእርሱ ጋር ይሳቀቃሉ። ችግሩ እርሱ በዚያ ምድር ዘመድ የሌለው መሆኑ ነው። ለእርሱ ወገን ሆኖ በክቡ ውስጥ የሚናገርለት ማን ነው? የሚያዋጣለትስ ማን ነው? ሕጉ የተሠራው ሁሉም ሰው የጎሳ አባል በሆነበት ዓለም ውስጥ ነበርና ይህን ጥያቄ ቀድሞ አልጠየቀውም። ዛሬ ግን ጥያቄው በየመንገዱ ላይ ይጠብቀዋል። የአሠሪው ድርጅትና የመድን ገንዘቡ የዘመድን ቦታ ተክተው በምንጣፉ ላይ የሚቀመጡ ከሆነ፣ አዲስ ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው።

ከጦር የተጠበቁ

ለወታደሩ አንባቢያችን የሚቀርብ አንድ ሌላ ምዕራፍ አለ። በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ቢሪ ማ ገይዶ የሚባል ደንብ አለ፤ ትርጉሙም ብረት የማይነካቸው እንደ ማለት ነው። በጦርነት ጊዜ እንኳ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አዛውንት፣ ሕሙማን፣ የሃይማኖት ሰዎች፣ እንግዶችና ለእርቅ የተላኩ መልእክተኞች አይገደሉም። ይህን የጣሰ ሰው በጠላቱ ብቻ ሳይሆን በራሱም ወገን ዘንድ የተናቀ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ1990ዎቹ እነዚህን የሶማሌ የጦርነት ደንቦች ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል። በ1949 የተፈረሙት የጄኔቫ ስምምነቶች የሚያዝዙትን፣ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ እረኛ በቃል ሲማረው የኖረ መሆኑን ማወቅ ለማንኛውም የጦር መሣሪያ ለያዘ ሰው ትምህርት ነው።

ደንቡ የታወቀ ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ተከብሯል ማለት አይደለም። በ2021 ክረምት በኢትዮጵያ ውስጥ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ ላይ ግጭት በተነሣ ጊዜ ወሬው ድንበር ተሻገረ። በኦገስት 1 ቀን በራሷ በጅቡቲ ከተማ፣ በድሃ ሠፈሮች ውስጥ፣ በአፋርና በኢሳ ተወላጆች መካከል ጠብ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቤቶችም ተቃጠሉ። ስለ ግጦሽና ስለ ወሰን የተነሣ የገጠር ጠብ፣ ግጦሽ በማያውቁ የከተማ ወጣቶች መካከል ደም አፈሰሰ።

እዚህ ላይ ስለ አፋሮች ወግ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በአፋር ምድር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው አይተላለፉም። ሰላምታ ተለዋውጠው ዳጉ ይቀባበላሉ፤ ማለትም አንዱ ያየውንና የሰማውን በሥርዓት ይነግራል፤ ሌላው ጠይቆ፣ አጣርቶ ይቀበላል። ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር የነጋሪው ግዴታ ነው። ሐሰት ያወራ ሰው ስሙ ይጠፋል። ዳጉ ከመንደር ወደ መንደር በፍጥነት ይጓዛል፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ተቀባይ ዘንድ ጥቂት ቆሞ ይመዘናል። በእጅ ስልክ የሚሠራጨው ወሬ ግን ከዳጉ ፍጥነቱን ወስዶ ምዘናውን ትቶታል። ማን እንዳየው፣ መቼ እንደ ሆነ፣ ከማን እንደ ተሰማ የማይናገር ምስል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሺህ ሰው እጅ ይገባል። በዚህ ረገድ ሲታይ፣ ኋላ ቀር ሲባል የኖረው የበረሃው ወግ ከከተማው አዲስ ልማድ በጥንቃቄ የላቀ ነበር። በባልባላ የሚኖር የኢሳ ወጣትና የአፋር ወጣት ከአያቶቻቸው ሊወርሱት የሚገባው ነገር ቢኖር፣ የጎሳ ቂሙን ሳይሆን ይህን ያዩትን ከሰሙት የመለየት ሥርዓት ነው።

ከክቡ ውጭ ያለችው

ስለ ወግ ሲጻፍ መልካም መልካሙን ብቻ መርጦ ማቅረብ ለአንባቢ ታማኝ መሆን አይደለም። ሰው ከሰው አይበልጥም በሚለው ሕግ ጉባኤ ውስጥ ሴቶች በዳኝነት አይቀመጡም። የሴቲቱን ነገር በጉባኤው የሚናገርላት ወንድ ዘመዷ ነው። በልማዱ የወንድ ካሣ መቶ ግመል ሲሆን የሴት ካሣ ሃምሳ ነው። ይህን ከእኩልነቱ መሠረት ጋር ማስታረቅ የሚቻል አይመስልም።

የከተማ ኑሮ ይህንም ነክቶታል። በጅቡቲ ገበያዎች በመንገድ ዳር ተቀምጠው ጫት የሚሸጡት፣ ገንዘብ የሚመነዝሩት፣ ልብስና ሽቶ የሚነግዱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከየዕለቱ ከኢትዮጵያ ከሚገባው ጫት የሚገኘው ትርፍ በስንት ቤት ልጆችን ያሳድጋል። ታዲያ ለካሣ ሲዋጣ ገንዘቡ ከእርሷ ኪስ እየወጣ፣ ስለ ካሣው ሲመከር እርሷ ከክቡ ውጭ መቆሟ እስከ መቼ ይጸናል? በ2002 የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል፤ የጋብቻና የፍቺን ነገርም ለመንግሥት ፍርድ ቤት ሰጥቷል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1995 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሴት ልጅን ግርዛት ከልክሏል። የልማዱ ሥር ጥልቅ በመሆኑ ክልከላው ብቻውን ባይበቃም፣ አንድ ነገር የአባቶች ወግ በመሆኑ ብቻ የሚጸናበት ዘመን ማለፉን ያመለክታል። ሔር ኢሴም ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በእጁ አለው። ምሳሌ ለሌለው ነገር አዲስ ፍርድ መስጠት የሚችል ጉባኤ፣ የሴትን ልጅ ካሣና ድምፅ እንደገና ለመመዘን ከውጭ ፈቃድ አይፈልግም።

ከቃል ወደ መዝገብ

ይህ የቃል ሕግ በቅርቡ በዓለም መዝገብ ገብቷል። በዲሴምበር 2024 በፓራጓይ ዋና ከተማ በአሱንሲዮን የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ፣ ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በጋራ ያቀረቡትን ጥያቄ ተቀብሎ፣ ሔር ኢሴን የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ከአገራችን የመስቀል በዓል በ2013፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ የጥምቀት በዓል በ2019 በዚሁ መዝገብ መስፈራቸው ይታወሳል። ሦስት መንግሥታት በአንድ የእረኞች ሕግ ስም አንድ ማመልከቻ ላይ መፈረማቸው፣ በዚህ ቀጣና ታሪክ ውስጥ በቀላል የሚታይ አይደለም። ከዚያም በፊት የጅቡቲው ምሁር ዓሊ ሙሳ ኢዬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሔር ኢሴ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ የመጽሐፉም ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ የዛፉ ፍርድ ይሆናል።

መመዝገቡ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም መዝገብ ሁለት ስለት አለው። በቃል የሚኖር ሕግ አንድ ጊዜ በመጽሐፍ ሲሰፍር ከመረሳት ይድናል፤ ግን የተጻፈው ቃል ለሚመጣው ሰው ሁሉ የመጨረሻ ቃል መስሎ ሊታየው ይችላል። ለአዲስ ነገር የተተወው በርም እንዲህ ሊዘጋ ይችላል። ሌላው አደጋ ደግሞ ወጉ በበዓል ቀን ለእንግዳ የሚታይ ትርኢት ሆኖ መቅረቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው ፎቶግራፍ የሚነሡበት፣ በማግሥቱ ግን ማንም ነገሩን ይዞላቸው የማይመጣበት ቀን ከደረሰ፣ ቅርሱ በመዝገብ እያለ ሕጉ ሞቷል ማለት ነው።

ስለዚህ የሔር ኢሴ ዕድሜ የሚለካው በአሱንሲዮን በተጻፈው ወረቀት ሳይሆን በባልባላ ምንጣፍ ላይ ነው። በገጠር ሰው ወደ ጉባኤው የሚሄደው ሌላ ፍርድ ስላልነበረ ነው። በከተማ ግን ፖሊስም ፍርድ ቤትም አለ፤ እየመረጠ ነው የሚሄደው። ወግ ግዴታ በነበረበት ጊዜ ጥሩም ሆነ መጥፎ ይከበር ነበር። ምርጫ ሲሆን ግን ሰውን የሚያመጣው ፍርዱ ትክክል ከሆነ ብቻ ነው። ለወጣቱ ሸክሙን ካላቀለለ፣ ለሴቲቱ ቦታ ካልሰጠ፣ ዘመድ ለሌለው መንገደኛ ወገን ካልሆነ፣ ጉባኤው ያለ ባለጉዳይ ይቀራል። እነዚህን ካደረገ ግን ግራር የሌለበት ከተማ አያሰጋውም።

ጨለማ ሲወርድ ከመስጊዱ የጸሎት ጥሪ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ እየተነሡ ምንጣፋቸውን ያራግፋሉ። ነገሩ አላለቀም፤ ለነገ ተቀጥሯል። ሁለቱ ወገኖች በተለያየ መንገድ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ በነገው ቀጠሮ ግን ሁለቱም ተስማምተዋል።